ከኮምቦልቻ እስከ ዋሽንግተን ዱለስ፦ ኪሎ ሜትሩና ሰዓቱ ለምን አይገጥሙም?

ጥያቄው፦ «እናቴን ከደሴ ወደ ዋሽንግተን፣ ወንድሜ ጋ ልልካቸው ነው። ርቀቱን ስልኬ ላይ ስፈልግ አንዱ 11,470፣ ሌላው 7,130፣ ሦስተኛው 6,190 ይለኛል። ሰዓቱን 13 ይላሉ፤ የተቆረጠው ትኬት ግን መሄጃው 17፣ መመለሻው 13 ሰዓት ነው። የቱን ልመን? ከኮምቦልቻው በረራ እስከ ዋናው በረራስ ምን ያህል ክፍተት ይኑር? እናቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል።»

አብሽሪ እህቴ፣ ሦስቱም ቁጥር አንድ ርቀት ነው። 11,470 ኪሎ ሜትር፣ 7,130 የመኪና መንገድ ማይል፣ 6,190 ደግሞ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል ነው። አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ መንገዱ አላጠረም። የሚያሳስተው ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ርቀት እናትሽ የማይሄዱበት መንገድ ርቀት ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በቀጥታ የዋሽንግተኑ ኤርፖርት ዱለስ የሚያርፍ አውሮፕላን የለም። ስልኩ የሚያደርገው ሁለቱን ነጥቦች ወስዶ ሉል ላይ ክር መወጠር ብቻ ነው።

ክሩ እንዴት እንደሚለካ ላሳይሽ፤ አንዴ ከገባሽ ለየትኛውም ሁለት ኤርፖርት ራስሽ ታወጪዋለሽ። የእያንዳንዱ ኤርፖርት ኬክሮስና ኬንትሮስ ያስፈልጋል። ቦሌ 8.98 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ዱለስ 38.94 ሰሜን፣ 77.46 ምዕራብ ነው። አንዱ ምሥራቅ ሌላው ምዕራብ ስለሆነ ኬንትሮሶቹ ይደመራሉ፤ 116.26 ይመጣል። ሁለቱም ምሥራቅ ቢሆኑ ኖሮ ይቀናነሱ ነበር። ከዚያ የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን አባዢ፦ 0.156 በ0.629፣ 0.098 ይሆናል። የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይን ከ116.26 ኮሳይን ጋር አባዢ፦ 0.988 በ0.778 በ-0.442፣ -0.340 ይመጣል። ድምሩ -0.242 ነው። የዚህ ቁጥር ተገላቢጦሽ ኮሳይን (ካልኩሌተሩ ላይ cos⁻¹ የሚለው) 104 ዲግሪ ይሰጥሻል። በምድር ገጽ ላይ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 104 ሲባዛ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚህ ስሌት ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው፦ የስልኩ ካልኩሌተር «ዲግሪ» ላይ ሳይሆን «ራድ» (ራዲያን፣ ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ላይ ሆኖ ይቀራል፤ ወይም የኮሳይኑ መቀነሻ ምልክት ይረሳል። ምልክቱ ከተረሳ ወደ 7,100 ኪሎ ሜትር ያወጣልና ወዲያው ያስታውቃል።

አሁን አንድ ነገር አስተውይ። ከቦሌ 11,560 ከሆነና ስልኩ ከኮምቦልቻ 11,470 ካለ፣ ኮምቦልቻ ለዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ90 ኪሎ ሜትር ትቀርባለች ማለት ነው። እውነትም ትቀርባለች፣ ወደ ሰሜን ያለች ናትና። እናትሽ ግን መጀመሪያ 254 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ ወደ ኋላ በርረው ነው ጉዞውን የሚጀምሩት። የወሎ ሰው ይህን በጅዳ በረራም ያውቀዋል፤ ከኮምቦልቻ ጅዳ በቀጥታ 1,180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በቦሌ ሲዞር ወደ 1,670 ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁጥር ተዪውና እግራቸው በሚያርፍበት ኤርፖርት ሁሉ ቆራርጠሽ ደምሪ።

በነገራችን ላይ ትኬቱ ላይ ኮምቦልቻ የሚል ኮድ ፈልገሽ ካጣሽ አትደንግጪ። ኤርፖርቱ ኮምቦልቻ ቢሆንም ኮዱ የደሴ ነው፦ ዲ-ኤስ-ኢ። ይልቅ የምትደነግጪበት የመድረሻው ኮድ ነው። የዋሽንግተኑ ዱለስ አይ-ኤ-ዲ ሲሆን የቴክሳሱ ዳላስ ዲ-ኤፍ-ደብሊው ነው። በእኛ አፍ ሁለቱም «ዳላስ» ይባላሉ፤ በመሀላቸው ግን 1,880 ኪሎ ሜትር አለ። ትኬት በስልክ ሲታዘዝ ከተማውን ሳይሆን ሦስቱን ፊደል አስነብቢ።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ስልኩ 13 ሰዓት ያለው 11,470ን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካፍሎ ለመነሣትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ጨምሮ ነው። ነፋስ የለም፣ ማረፊያ የለም፣ ተራራ የለም ብሎ ነው የሚያስበው። በዚህ መስመር ላይ ደግሞ ሦስቱም አሉ።

ትልቁ ነገር የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቀኑ ሞቃት ከሆነ ወደ ሩብ ይጠጋል። አውሮፕላንን የሚያነሣው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነውና አየሩ በሩብ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት መሬት ላይ 15 ከመቶ ያህል የበለጠ መሮጥ አለበት። ሞተሩም የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ቀስ ብሎ እየፈጠነ ከፍ ያለ ፍጥነት ላይ መድረስ ይጠበቅበታል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ 3,800 ሜትር ገደማ በሆነ ማኮብኮቢያ ላይ ነው። ጎማውም ወሰን አለው፤ የትላልቆቹ አውሮፕላኖች ጎማ በብዛት በሰዓት እስከ 378 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው የሚፈቀድለት። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ክብደት ተጭኖ መነሣት አይቻልም። በዚያ ላይ ስሌቱ የሚሠራው ሁሉም ሞተር ደኅና ሆኖ አይደለም፤ በማኮብኮቢያው መሀል አንዱ ሞተር ቢጠፋ ወይ በቀረው መንገድ መቆም፣ ወይ በቀረው ሞተር ተነሥቶ በዙሪያው ያለውን ኮረብታ ማለፍ መቻል አለበት።

እንግዲህ ከምን ይቀነስ? እንደ ቦይንግ 787 ወይም ኤርባስ ኤ350 ያለ አውሮፕላን በሰዓት ከ5 እስከ 6 ቶን ነዳጅ ይበላል። ለ14 ሰዓት ከ70 እስከ 84 ቶን ነው፣ መጠባበቂያው ሳይቆጠር። 300 መንገደኛ ከነሻንጣው 30 ቶን ያህል ነው። ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ባንድ ላይ ከቦሌ አይነሣም፤ መንገደኛ ከመቀነስ ደግሞ ነዳጅ ቀንሶ መንገድ ላይ መሙላት ይሻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሰሜን አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎቹ ሮምን፣ ደብሊንን፣ ሎሜንና አቢጃንን በየጊዜው ሲያርፍባቸው የኖረበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ሲመለስ ግን ዱለስ 95 ሜትር ከፍታ ላይ ብቻ ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ ማኮብኮቢያውም 3,500 ሜትር ያህል ረጅም ነው። ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ ይነሣል፤ ቦሌ ሲደርስ ነዳጁ ተቃጥሎ ቀሏልና ለማረፍ አይቸገርም። የትኬትሽ 17 እና 13 በዋናነት የሚለያዩት በዚህ ነው።

የሚያርፍበት ቦታ ከመንገድ ያወጣዋል ብለሽ ካሰብሽ፣ ያ እንደ ቦታው ነው። በጠፍጣፋ ካርታ ስታዪው ደብሊን ወደ ሰሜን የተገነጠለች ትመስላለች። ሉል ላይ ክር ብትወጥሪ ግን ከቦሌ ወደ ዱለስ ያለው ክር መጀመሪያውኑ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው የሚሄደው፤ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ የስፔንን ደቡብ አልፎ አትላንቲክን ይሻገራል። ቦሌ-ደብሊን 6,365፣ ደብሊን-ዱለስ 5,465 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድምሩ 11,830። ከቀጥታው የሚበልጠው 270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ሃያ ደቂቃ የማይሞላ በረራ። ሎሜ በአንጻሩ ከባሕር ጠለል ብዙም ባትርቅም ከክሩ ትወጣለች፤ ቦሌ-ሎሜ 4,150፣ ሎሜ-ዱለስ 8,600፣ በጠቅላላው 12,750 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ይጨምራል።

እነዚህም ቢሆኑ የክር ርቀት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ የዚያ አገር ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘግቶ፣ በላዩ ያልፉ የነበሩ በረራዎች በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል ወይም በሌላ አቅጣጫ ለመዞር ተገድደዋል። እንዲህ ዓይነት ዙር በስልክሽ ስሌት ውስጥ የለም፤ በትኬቱ ላይ ባለው ሰዓት ውስጥ ግን ተቆጥሮ ገብቷል።

ነፋሱ ደግሞ እንዲህ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ልክ እነዚህ አውሮፕላኖች በሚበሩበት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠንካራ የአየር ጅረት አለ፤ በሰሜኑ ክፍለ ዓለም የብርድ ወቅት ይበረታል፣ በአትላንቲክ ላይ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አለ። መንገዱ ሁሉ በጅረቱ ውስጥ ስላልሆነ በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዝ። ሲመለሱ ፍጥነቱ 960 ይሆናል፤ 11,560 ለ960 ሲካፈል 12 ሰዓት፣ ከመነሣትና ከማረፍ ጋር 12 ሰዓት ተኩል። ሲሄዱ በቀጥታ ቢሆን እንኳ 840 ነው፤ 13 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ከመነሣትና ከማረፍ ጋር 14 ሰዓት ከሩብ። ያለ ማረፊያው ራሱ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ልዩነት አለ ማለት ነው። በዚህ ላይ ማረፊያው አንድ ሰዓት ከምናምን መሬት ላይ ያቆማል፤ ሁለተኛ መውረድና መውጣትም ይጨምራል። ቦሌ-ደብሊን ወደ 8 ሰዓት፣ ደብሊን-ዱለስ 7 ሰዓት ተኩል፣ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ተኩል፤ 17 ሰዓትሽ ከዚህ ወጣ።

ትኬት ላይ ያለውን ሰዓት ማንበብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የተጻፈው ሁልጊዜ የየኤርፖርቱ የራሱ ሰዓት ነው፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር። ለምሳሌ ከቦሌ 22:30 ተነሥቶ በማግሥቱ 07:30 ዱለስ ይደርሳል ቢል፣ ቀንሰሽ 9 ሰዓት ታገኛለሽ፤ ይህ የጉዞው ርዝመት አይደለም። ወደ ምዕራብ ሲኬድ የሰዓቱ ልዩነት ይደመራል፦ በእነሱ ክረምት 8፣ በእነሱ በጋ 7 ሰዓት። 9 ሲደመር 8፣ 17። ሲመለሱ ይቀነሳል፦ ከዱለስ 11:00 ተነሥቶ በማግሥቱ 08:00 ቦሌ ከሆነ፣ 21 ሲቀነስ 8፣ 13 ሰዓት። እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ይቀይራሉ፤ በ2026 ወደ በጋው የሚዞሩት ማርች 8 (የካቲት 29)፣ የሚመለሱት ኖቬምበር 1 (ጥቅምት 22 ቀን 2019) ነው።

ለእናትሽ በ24 ሰዓት ማስላት ስለማይመች ቀላል ዘዴ ልንገርሽ። በእኛ አቆጣጠር ከሚያነቡት ሰዓት ላይ በእነሱ ክረምት 2፣ በበጋቸው 1 ይቀንሱ፤ የዋሽንግተን ሰዓት እሱ ነው። እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ፣ በእነሱ ክረምት እዚያ 2 ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ የቀኑ 2 ሰዓት። እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። የእኛ ማታ የእነሱ ቀን፣ የእኛ ማለዳ የእነሱ ሌሊት መሆኑን ብቻ ይያዙ። የልጅ ልጅ ለማነጋገር ከሰዓት ጋር መታገል የለባቸውም።

በሰዓት ንባብ በረራ የሚያስመልጠው ግን እኩለ ሌሊት ላይ የሚወድቀው ነው። ትኬቱ «15 ጃንዩወሪ 2026፣ 00:30» ቢል፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀኑ ጥር 7። እኛ ቀንን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር ቤተሰብ «ጥር 7 ሌሊት» ብሎ ይይዝና ጥር 7 ማታ ሻንጣውን ጎትቶ ቦሌ ይደርሳል። አውሮፕላኑ የሄደው ጥር 6 በመሸበት ሌሊት ነው፣ 20 ሰዓት አልፎታል። ከ00:00 እስከ 06:00 የተጻፈ ሰዓት ካየሽ «በዋዜማው ማታ ቦሌ እንገኛለን» ብለሽ በወረቀት ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ።

ክፍተቱን በተመለከተ። ከኮምቦልቻ ቦሌ ዳሽ 8 በሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አየር ላይ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ትኬቱ ላይ ወደ አንድ ሰዓት ይጻፋል። በረራው አጭር ቢሆንም የጉዞው ደካማ ጅማት እሱ ነው። ኮምቦልቻ በተራራ የተከበበች ናት፤ ክረምት ላይ ደመና ሲወርድ በረራ ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። ከደሴ መውረዱም ራሱ የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፤ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጉም በያዘው ማለዳ ሹፌር አይሮጥበትም፣ ሰዓት ሙሉ ያዢለት። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ከሆኑ ከ5 ሰዓት ያላነሰ ክፍተት ይበቃል እላለሁ፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ አየር መንገዱ ወደ ቀጣይ በረራ የማዞር ኃላፊነት አለበት፣ ሻንጣቸውም ኮምቦልቻ ላይ እስከ ዱለስ ይለጠፍላቸዋል። ሲለጠፍ ታጉ ላይ አይ-ኤ-ዲ መጻፉን ራስሽ እዪ። ለየብቻ የተቆረጡ ሁለት ትኬቶች ከሆኑ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፦ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ምን አገባኝ ይላል፣ ትኬቱም ይቃጠላል። ያን ጊዜ በዋዜማው ቀን አዲስ አበባ ይግቡና ዘመድ ቤት ይደሩ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የሁለት ትኬት ጉዞን በ3 ሰዓት ክፍተት ማያያዝን አልመክርም፤ በክረምት ደግሞ ጭራሽ።

ቦሌ ሲወርዱ የአገር ውስጡ ተርሚናል 1፣ የውጭው ተርሚናል 2 ነው። እንግሊዝኛ ለማይችል፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ዊልቸር ማዘዝ ግድ ነው፤ ለመቀመጥ ብቻ አይደለም፣ የሚገፋቸው ሠራተኛ በኢሚግሬሽንና በፍተሻ መስመር ይዞ ስለሚያልፋቸው ነው። ትኬቱ ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ ከ48 ሰዓት በፊት ይጠየቅ፤ ለሦስቱም ቦታ፣ ለኮምቦልቻ፣ ለቦሌና ለዱለስ መመዝገቡን አረጋግጪ። ለቦሌ ብቻ ተመዝግቦ ዱለስ ላይ የሚቀር ብዙ ነው።

ሁለት ነገር ለራሳቸው ንገሪያቸው። የመጀመሪያው፣ አውሮፕላኑ መጀመሪያ ሲያርፍ ዋሽንግተን አይደለም። ነዳጅ ሲሞላ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ከወንበሩ አይነሣም፤ እሳቸው ግን «ደረስን» ብለው ጓዛቸውን አንሥተው በር ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ ማታ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚበር ሰው ከሌሊቱ ጋር ነው የሚሄደው። በጥር 22:30 ላይ ከተነሡ ከመጨረሻው አንድ ሰዓት ገደማ በቀር 17ቱን ሰዓት መስኮቱ ጨለማ ነው፤ ሲደርሱም ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። ሳይነገራቸው ከሄዱ ይጨነቃሉ፤ የሚሰግዱ ከሆነም የሱብሒን ሰዓት በመስኮት ማወቅ ስለማይቻል አስቀድመው የሚያምኑትን ሰው ጠይቀው ይያዙ።

በየ24 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ካላቸው፣ ያ ቀን በ8 ሰዓት ስለሚረዝም የመውሰጃ ሰዓቱን ሐኪማቸው ከጉዞው በፊት ይወስንላቸው፤ መድኃኒቱ ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይግባ።

እንግዲህ ከቤትሽ በር እስከ ወንድምሽ በር ስንደምረው፦ ደሴ-ኮምቦልቻ 1 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ ኤርፖርት 2፣ በረራ 1፣ ቦሌ ከ5 እስከ 8፣ ዋናው በረራ 17፣ ዱለስ ላይ ፓስፖርትና ሻንጣ ከ1 እስከ 2። ከ27 እስከ 31 ሰዓት ነው። ለወንድምሽም ይህን ንገሪው፦ ትኬቱ 07:30 ካለ የማረፊያው ሰዓት ነው፣ እናቱ ወደ መቀበያው በር የሚወጡት ከ08:30 በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ሄዶ ስልክ ቢደውል እሳቸው ገና ፓስፖርት መስመር ላይ ናቸው፣ አያነሡም።